ከቁርጭምጭሚት በላይ ያልረጠቡት ፊታውራሪ

በዓለም ላይ ባሕርን የሚያዝዙ ሁለት ብቻ ናቸው፤ አንዷ ጨረቃ ናት፣ ሌላው ሱሪውን እስከ ባቱ ጠቅልሎ ዳር የቆመ አባወራ ነው። ጨረቃ ሥራዋን ዝም ብላ ትሠራለች። አባወራው ግን ዝም ማለት አልተፈጠረለትም።

ታውቁታላችሁ። እሱ የሌለበት ቤተሰብ የለም። ገና ከመኪና ሲወርድ ጣቱን ልሶ ወደ ሰማይ ይቀስራል፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ያጣራል፣ ከዚያ ለሚስቱ፣ ለልጆቹ፣ አጠገቡ ላቆመው ባለመኪና፣ ቢቻለው ለነፋሱ ለራሱ ያስረዳል። ዋና አይችልም። ዋና አለመቻሉ ግን ስለ ዋና ከማውራት አግዶት አያውቅም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የተባለው ለሱ ነው፤ ልዩነቱ የኛ ሰው ኩበቱን ለቅሞ ሲያበቃ እሳት አያይዞ ይሞቀዋል። "እኔ ብሆን ኖሮ" ብሎ ይጀምራል፤ ሆኖ ግን አያውቅም።

በዚህ ዓምድ ላይ ብዙ ዓይነት ሰው አምተናል። ዛሬ ተራው የቤቴ ነው። ክቡር ፊታውራሪ ፊንታን ይባላሉ፤ ሊትሪም በሚባለው ዝናባም አገራችን ተራሮች ላይ ሁለት መቶ ሠላሳ በግ የሚያረቡ፣ የሃያ ዓመት ባሌ። ፊታውራሪ ብዬ የሾምኳቸው እኔው ነኝ። ፊታውራሪ ከጦሩ ፊት የሚቀድም ነው ብላችሁ እንዳትሟገቱኝ፤ የኔው በባሕር ዘመቻ ጊዜ የሚገኙት ከጦሩ ኋላ፣ ከሳንድዊቹ ሣጥን አጠገብ ነው። በዘራቸው ከበግ ማጠጫ ገንዳ የጠለቀ ውሃ ውስጥ የገባ ሰው የለም። አባታቸውም አያታቸውም ውሃን የሚያውቁት ከላይ ሲወርድባቸው ነው፤ ሊትሪም ደግሞ ከላይ የማይወርድበት ቀን የለም።

"ባሕርና በግ አንድ ናቸው፤ ጀርባህን ከሰጠሃቸው አለቀልህ፣" ይላሉ ፊታውራሪ። ይህን በዓመት አንድ ቀን፣ በዚያ ቀን ደግሞ ቢያንስ አራት ጊዜ ይሉታል።

የነፋስ መከለያውን ሸራ መትከል ብቻ አርባ ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። አምስት እንጨት፣ አንድ መዶሻ፣ እንጨቱን ቀጥ አድርጌ እንድይዝ የታዘዝኩ እኔ። ሸራው ተወጥሮ፣ ወንበሩ ተዘርግቶ፣ ሻዩ ከፔርሙሱ ሲቀዳ ነፋሱ ይዞርና አሸዋውን በሌላ በኩል አምጥቶ ሻያችን ውስጥ ይበትነዋል። "ነፋሱ ነው የተሳሳተው፣" ይላሉ። ነቅለን እንደገና እንተክላለን። አንድ ዓመት እንዲሁ ሰፈር ስንቀያይር ውለን በመጨረሻ የተከልነው መኪናችን አጠገብ ነበር።

ባሕሩ የሚሞላበትንም ሰዓት ማስታወቂያው ላይ አያዩም። አሸዋውን በጫማቸው ጫፍ ጫር ያደርጉና "ውሃው ከዚህ አያልፍም፣ በኔ ይሁንባችሁ" ይላሉ። በሳቸው በሆነብን ዓመት አማቴ እማማ ዴሊያ እንቅልፍ ወስዷቸው ሳለ የግራ ጫማቸውን ውሃው ይዞት ወደ አሜሪካ ሄደ። "ተዉት፣ ወንድሞቼም ሁሉ በዚያው በኩል ነው የሄዱት፣" አሉ እማማ ዴሊያ፣ በአንድ ጫማ ወደ መኪናው እያነከሱ።

ነፍስ አድን ሠራተኛውን ደግሞ፣ ባሕር ውስጥ ያደገውን ልጅ፣ ውሃው ሰው የሚጎትትበት የት የት እንደሆነ በጣታቸው እያሳዩ ግማሽ ሰዓት አስተማሩት። ልጁ ጨዋ ነው። አዳምጦ ሲያበቃ "አመሰግናለሁ ጌታዬ። እርስዎ በየት በኩል ነው የሚዋኙት?" አላቸው። ፊታውራሪ ደረታቸውን ነፉ። "እኔ እንኳ አልዋኝም። እመለከታለሁ።"

ወደ ባሕር የምንወርደው በዓመት አንዴ፣ ኦገስት አሥራ አምስት፣ እኛ ካቶሊኮች በምናከብረው በእመቤታችን የፍልሰታ ዕለት ነው። ጠዋት ቅዳሴ፣ ከቅዳሴ በቀጥታ ኪልቫራ ወደሚባለው ባሕር ዳር። በዚያ ቀን የባሕሩ ውሃ ፈውስ አለው ይባላል፤ ከየተራራው የሚወርደው ሽማግሌና አሮጊት ሁሉ የክት ልብሱን እንደለበሰ ጫማውን ያወልቅና ውሃው ዳር ይቆማል። ለቁርጥማት፣ ለእግር እብጠት፣ ስሙ ለማይታወቅም ሕመም። ገበሬው ውሻውን ሳይቀር ይዞ ነው የሚመጣው፤ ቤት ትቶት ከመጣ ውሻው የጎረቤት በግ ሲነዳ ይውላል።

ልጃችን ሳይቭ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለች ልጅ ከወላጆቿ ጋር ስትሄድ መቶ እርምጃ ትቀድማለች፤ ወላጅ እንዳላት ሰው እንዳያውቅባት። አምና ኪልቫራ ላይ፣ የትምህርት ቤቷ ልጆች ኳስ እየተጫወቱ ሳለ፣ ፊታውራሪ ከወንበራቸው ተነሥተው በግ ከሸለቆ ማዶ በሚጠሩበት ድምፅ "ሳይቭዬ! ጆሮሽ ውስጥ ውሃ እንዳይገባ! ሕፃን ሆነሽ ስንት ሌሊት እንዳለቀስሽ!" ብለው ጮኹ። ኳሱ ቆመ። ሳይቭ ከውሃው ወጥታ መኪና ውስጥ ገባች፣ በሩን ከውስጥ ቆለፈች፣ ሁለት ሰዓት ሙሉ አልወጣችም። ፊታውራሪ በመስኮቱ በኩል አይስክሬም ይዘው ቆሙ። አይስክሬሙ እጃቸው ላይ ቀልጦ አለቀ።

ዘንድሮ ለዚያው ቀን ጓደኞቿ ሌላ ቦታ ጠርተዋታል። አንድ ቀን እራት ላይ ሹካዋን አስቀመጠችና፣

"እመጣለሁ፣" አለች። "ግን ሰርፊንግ እማራለሁ፣ ሰሌዳ ላይ ቆሞ ሞገድ መጋለብ። ኪልቫራ የሚያስተምሩ አሉ። ደግሞ አባዬ፣ ለሱ የሚለበሰውን የጎማ ልብስ ከለበስኩበት እስከማወልቅበት ድረስ ካንተ አፍ አንዲት ቃል መስማት አልፈልግም።"

"አንዲት?"

"አንዲት። ከሰማሁ የሚቀጥለው ዓመት አልመጣም። ከዚያም በኋላ አልመጣም።"

"ብትሰምጪስ?"

"አስተማሪ አለ።"

"አስተማሪው ቢሰምጥስ?"

"አባዬ!"

ፊታውራሪ ወደኔ አዩ። እኔ ድንቹን አየሁ። መዳፋቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉና "ቃሌ ነው" አሉ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል ተረቱ። እኛ ቤት ግን ነገሩ ባሰ፤ የተናገሩት ከጠፋ የወለዱትም ተከትሎ ሊጠፋ ነው።

በበዓሉ ጠዋት ዕቃ ስንጭን መዶሻውን እንደያዙ ቆም አሉ። "ኑአላ፣" አሉኝ፣ "ልጅ አንዴ መምጣት ካቆመ እኮ በዚያው ነው። ወንድሜን አላየሽም? አንድ ፋሲካ ቀረ፤ አሁን የምንተያየው ቀብር ላይ ነው።" በሃያ ዓመት ውስጥ እንዲህ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

"ቻለው፣" አልኳቸው። "ሁለት ሰዓት ብቻ ናት።"

ኪልቫራ ስንደርስ ጭጋጉ ገና አልተነሣም ነበር። ባሕርና ሰማይ የት ላይ እንደሚለያዩ አይታይም፤ ሞገዱ ከየት መጣ ሳይባል ከነጭ ውስጥ ይወጣል፣ አሸዋው ላይ ይዘረጋል፣ ተመልሶ ነጭ ውስጥ ይገባል። ከጭጋጉ መሐል አንዴ የሽማግሌ ጥቁር ኮት፣ አንዴ የሕፃን ቀይ ባልዲ ብቅ ይልና መልሶ ይጠፋል። ሰዉ ዝግ ብሎ ነው የሚያወራው። ውሾቹ እንኳ አሸዋው ላይ ተዘርግተው አንድ ዓይናቸውን ብቻ ይከፍታሉ። እኔ በዚህ ቀን ሁልጊዜ ግማሽ እንቅልፍ ላይ ነኝ፤ እግሬ ቀዝቃዛ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ፣ ዓይኔ ተከፍቶ አልማለሁ። ደስ የሚል ቀን ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የምጠብቀው እሱን ነው።

አስተማሪው ዳሂ የሚባል የወደቡ ልጅ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጸጉሩ በጨው ደርቋል፤ በዓመት ውስጥ ጫማ የሚያደርገው ሠርግ ሲጠራ ብቻ ይመስለኛል። ሳይቭ ልብስ መቀየሪያው ውስጥ ገብታ ብዙ ቆየች። ስትወጣ ያ ጥቁር የጎማ ልብስ ላይዋ ላይ ተጣብቋል፣ ዚፑ ግን ከጀርባዋ መሆኑ ቀርቶ ከሆዷ እስከ አገጯ ተቆልፏል። ፊታውራሪ አዩ። ኮፍያቸውን አውልቀው ጫፉን ነከሱ።

"ልጅቷ ልብሱን አዙራ ነው የለበሰችው!" አሉ እማማ ዴሊያ፣ ባሕር ዳሩ ሁሉ እንዲሰማ።

"አያቴ!"

"ምን አደረግኩ? ቃል የገባው አባትሽ፣ እኔ ምን አገባኝ! ደግሞ አትፈሪ፣ እኔም የሠርጌ ዕለት ቀሚሴን አዙሬ ለብሻለሁ። ትዳሩ ሃምሳ ዓመት ቆየ።"

ዳሂ ሳቀ። "ግድ የለም፣ የመጀመሪያ ቀን ግማሹ ሰው እንዲህ ለብሶ ነው የሚወጣው፣" አላት። ሳይቭ ተመልሳ ገባች። ከመግባቷ በፊት ግን አባቷን በቆረጣ አየች። ፊታውራሪ ኮፍያቸውን እንደነከሱ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ትምህርቱ የሚጀምረው አሸዋ ላይ ነው። ስምንት ጀማሪዎች ሰማያዊ ሰሌዳቸው ላይ በደረታቸው ተኝተው በደረቅ መሬት ይቀዝፋሉ። "ቅዘፉ፣ ቅዘፉ፣ አሁን እጃችሁን ከደረታችሁ ሥር፣ ብድግ!" ይላል ዳሂ። "ሳይቭ፣ እግርሽን አትዪ። እግርሽ የትም አይሄድም፣ አብሮሽ ነው። ወደምትሄጂበት እዪ።" ሳይቭ ትነሣለች፣ እግሯን ታያለች፣ ትንገዳገዳለች። እንደገና ትነሣለች፣ እንደገና እግሯን ታያለች። ፊታውራሪ ምክር በመጣባቸው ቁጥር አንድ የእንቁላል ሳንድዊች አፋቸው ውስጥ ይከቱ ጀመር። ልጅቷ እግሯን ዘጠኝ ጊዜ አየች፤ ዘጠኝ ሳንድዊች ሄደ።

"የኔንም በላው፣" አሉ እማማ ዴሊያ። "ይሁን፣ ይብላ። ከተወለደ ጀምሮ ዝም ሲል ያየሁት ዛሬ ነው።"

"ክርስትና የተነሣ ዕለትስ?" አልኳቸው።

"ኧረ የት! ቄሱን ሲያርም ነው የዋለው።"

ከዚያ ወደ ውሃው ገቡ። ጭጋጉ ከላይ ሳስቶ ብርሃን ማጣራት ጀምሯል፤ ባሕሩ የወተት መልክ ይዟል። ስምንቱ ጥቁር ራሶች ሞገዱ ላይ ከፍ ዝቅ ይላሉ። ሳይቭን የማውቃት ቀይ ጸጉሯን ባሰረችበት ነጭ ጨርቅ ነው። ሞገድ መጣ፣ ቀዘፈች፣ ተነሣች፣ ወደቀች። ሰሌዳው ቁርጭምጭሚቷ ላይ በገመድ ታስሯል፣ ጎትታ ታመጣዋለች፣ ትወጣበታለች። ሞገድ መጣ፣ ወደቀች። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ባሕር ዳር ሰዓት እንዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ፤ አይሄድም፣ ወይም ሁሉም በአንዴ ይሄዳል። እንቅልፍ እየጣለኝ ነበር።

ዓይኔን ስገልጥ ፊታውራሪ ቆመዋል። አንደኛው ክንዳቸው ወደ ጎን ተዘርግቷል፤ ሌላው ወደ ፊት ይገፋል። በግ በጠባብ በር ሲያስገቡ የሚያደርጉት ነው። አጠገባችን የሚዋኙ አንድ ባልና ሚስት የታዘዙ መስሏቸው ወደ ቀኝ ሄዱ።

"እጅህን!" አልኳቸው።

እጃቸውን አዩት። የሌላ ሰው እጅ የሚያዩ ይመስሉ ነበር። ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ያኔ ትልቁ ሞገድ መጣ። ትልቅ ስላችሁ ወገብ ቢደርስ ነው፣ ግን ጥርት ያለ፣ አንድ ወጥ ሆኖ የተነሣ። ሳይቭ በደረቷ ተኝታ እየቀዘፈች ወደ ኋላ ታየዋለች። የፊታውራሪ እጅ ኪስ ውስጥ ነው። ሳንድዊቹ አልቋል። ኮፍያው እኔ እቅፍ ላይ ነው። ከንፈራቸውን ግን ያሰበለት ሰው አልነበረም። አመለጣቸው፤ ሁለት አጭር ፉጨት።

ሊትሪም ውስጥ ይህን ፉጨት የማያውቅ በግም፣ ውሻም፣ ልጅም የለም። "ተነሥ፣ ወደ ፊት!" ማለት ነው።

ወይ ጉድ! አሸዋው ላይ የተኙት ውሾች ሁሉ በአንዴ ብድግ አሉ። በግ ፈለጉ፤ በግ የለም። ጨዋ ውሻ ሥራ አይፈታም፣ ያገኙትን መሰብሰብ ጀመሩ። ከጭጋጉ ውስጥ በመጀመሪያ ባልዲ የያዙ ሦስት ሕፃናት ወጡ፤ ቀጥሎ እግራቸውን ለፈውስ ሲነክሩ የነበሩ አሮጊቶች፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እየተገረሙ፤ ከኋላ ደግሞ አይስክሬማቸውን የያዙ ቄሳችን። ቀስ ብለው፣ ሳይጣደፉ፣ ውሾቹ በዙሪያቸው በሆዳቸው እየተሳቡ፣ መሐል ላይ ተሰብስበው ቆሙ። ማንም አልጮኸም። ሁሉም ለምን እንደመጡ ለማወቅ እርስ በርስ ይተያያሉ።

"ረጅሟን ፉጨት አፏጭላቸውና ይተኙ እንጂ!" አሉ እማማ ዴሊያ። "ቄሱን እስከ ማታ ልታቆማቸው ነው?"

ፊታውራሪ ራሳቸውን በኃይል ነቀነቁ። ከዚህ ወዲያ ትንፋሽም እንዲወጣ አልፈለጉም። እኔ ግን የማየው ውሃውን ነበር። ሳይቭ ፉጨቱ ሲሰማ ፊቷን ወደኛ አዞረች፣ ሰሌዳው ከሥሯ ሸሸ፣ ወደቀች። ብቅ ብላ ሰሌዳዋን ይዛ ቆመች፣ ወደ ዳር እያየች። ፊቷ በዚያ ጭጋግ አይታይም። ለረጅም ጊዜ ቆመች።

ፊታውራሪ የሸራውን ትርፍ እንጨት አንሥተው አሸዋው ላይ በትልልቅ ፊደል ጻፉልኝ፤ "ፉጨት ቃል ነው?"

"እኔ ምን አውቄ፣" አልኳቸው። "እሷ ናት የምትፈርደው።"

ቆሌያቸው ተገፈፈ። እንጨቱን ጣሉ። ከዚያ በሃያ ዓመት አድርገውት የማያውቁትን አደረጉ፤ ዞሩና ባሕሩን ጀርባቸውን ሰጡት። ወንበራቸውን ወደ አሸዋው ክምር አዙረው ተቀመጡ፣ ኮፍያቸውን ከኔ ወስደው እስከ አፍንጫቸው ደፉት፣ ሁለቱንም ጆሯቸውን በመዳፋቸው ደፈኑ።

እና በዚያች ቅጽበት ልጄ ቆመች።

እንዴት እንደሆነ ልነግራችሁ አልችልም። ሞገዱ ከነጩ ውስጥ ወጣ፣ እሷም ከሞገዱ ውስጥ ወጣች። ጉልበቷ ታጥፏል፣ ክንዶቿ ተዘርግተዋል፣ እግሯን አላየችም። ውሃው ይዟት ወደኛ መጣ፣ ድምፅ ሳያሰማ፤ እኔ የሰማሁት የራሴን ልብ ብቻ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ቀና ብላ ዳሩን ታያለች። ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አንድ ፊት ስትፈልግ አየኋት። ያገኘችው የክት ኮት ጀርባ ነበር።

የፊንታንን ትከሻ መታሁ። እንዳይናገር የከለከልኩት መስሎት "እምም" እያለ ራሱን ነቀነቀ። በሁለት እጄ ወዘወዝኩት። ዞሮ ኮፍያውን ሲያነሣ ባሕሩ ላይ የቀረው ባዶ ሰሌዳ ነው።

ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ከዚህ በኋላ "እሳቸው" ማለቱ አልሆነልኝም። ባሌ ነው።

ሳይቭ ሰሌዳዋን በብብቷ ይዛ በአሸዋው ላይ ወደኛ መጣች። ከንፈሯ ሰማያዊ ሆኗል፤ ዓይኗ ያበራል። ቀጥታ እሱ ፊት ቆመች።

"አየኸኝ?"

ከኋላዋ ሆኜ "አዎ በላት" ብዬ በጭንቅላቴ ምልክት ሰጠሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ፊንታን ግን ውሸት አይችልም። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ።

"አላየኸኝም? ቆምኩ እኮ! አራት... ምናልባት አምስት ሰከንድ! አላየህም?"

ወደ አፉ ጠቆመ። ወደ ልብሷ ጠቆመ።

"ተናገር። ፈቅጃለሁ።"

"ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር፣" አለ።

"ለባሕር? አንተ?"

"እያየሁሽ ዝም ማለት አልችልም፣ ሳይቭ። ሞከርኩ። ኮፍያዬን ነከስኩ፣ እጄን ከተትኩ፣ የእማማን ሳንድዊች በላሁ። ከንፈሬ አመለጠኝ። እና ዞርኩ። አንቺ ከምትቀሪብኝ፣ ማየቱ ይቅርብኝ ብዬ ነው።"

አንጀቴን በላው። ከሳይቭ ልብስ ውሃው እየተንጠባጠበ አሸዋው ላይ የተጻፈውን አጠፋው፤ እሷ ግን ሳታነበው አልቀረችም።

"ፉጨቱን ሰምቻለሁ፣" አለች።

"ቄሱም ሰምተዋል፣" አሉ እማማ ዴሊያ። ባለውሾቹ መጥተው ውሾቻቸውን እየጠሩ ነበር፤ ቄሱ ባዶ የአይስክሬም ኮን ይዘው ገና እዚያው ቆመዋል።

"ቶሎ ነው ያፏጨኸው፣" አለችው ሳይቭ። "ሰሌዳው ከኋላ ከፍ ሲል ነው መነሣት፣ ሞገዱን ገና ስታየው አይደለም። ሁለተኛውን ጊዜ በልቤ እኔው አፏጨሁና ቆምኩ።" አሸዋውን በእግሯ ጣት ጫረች። "ከዚህ ሆነህ አይታይህም። ገባ በልና በሰዓቱ አፏጭልኝ። ፉጨት ብቻ! ቃል የለም።"

"ወደ ውስጥ?" አለ ፊንታን።

"እስከ ወገብ።"

"ሱሪው የክት ነው፣" አለ፤ እሷ ግን ሄዳለች። መቶ እርምጃ አልቀደመችም። አሥር ቢሆን ነው፤ እየዞረችም ታየው ነበር።

ተከተላት። ቁርጭምጭሚቱ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ የአባቱም የአያቱም ወሰን እዚያ ነው። ከዚያ አማተበና ገባ። ባቱ፣ ጉልበቱ፣ ጭኑ፣ የክት ሱሪው ውሃ ጠጥቶ እየከበደ። ዋና እንደማይችል ትዝ ሲለኝ ጫማዬ የት እንደወደቀ አላውቅም፤ ቀሚሴን እንደለበስኩ ሮጬ ገባሁና ከኋላ ቀበቶውን ያዝኩት። ቅዝቃዜው አጥንት ይሰብራል። ጭጋጉ ተነሥቶ ፀሐይ ውሃው ላይ ፈሰሰች፤ ሁሉ ነገር ነጭና ወርቅ ሆነ፣ ዓይን መግለጥ እስኪያቅት።

ሞገዱ መጣ። ሳይቭ ተኝታ ቀዘፈች። ፊንታን ከንፈሩን አሾለ። ትንፋሽ ብቻ ወጣ። እንደገና አሾለ። ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ፣ ምንም የለም።

"አልወጣ አለኝ፣" አለ። "ኑአላ፣ አልወጣ አለኝ!" አገጩ ላይ የሚወርደው የባሕሩ ውሃ አልነበረም። እያለቀሰ ያፏጨ ሰው ደግሞ የለም።

የሰሌዳው ኋላ ከፍ አለ። ማንም አላፏጨም። ሳይቭ በራሷ ሰዓት፣ በራሷ እግር ተነሣች። በአጠገባችን አለፈች፤ እጃችንን ብንዘረጋ እንነካት ነበር። አባቷ ይህችኛዋን አያት፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አፉን ከፍቶ። እሷም አየችው፤ እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ፣ በኮትና በክራቫት፣ ሚስቱ ከኋላ በቀበቶው ይዛው። ከትምህርት ቤቷ ልጆች አንዳንዶቹ ዘንድሮም ዳር ቆመው ያያሉ። ሳይቭ በሙሉ ድምፅዋ ጮኸች፤ ድምፁን የወሰደችው ከማን እንደሆነ ያን ጊዜ ነው የገባኝ።

"የሚቀጥለው ዓመት ከነክራቫትህ ከገባህ አላውቅህም!"

እየሳቀች ውሃው ውስጥ ወደቀች።

ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ ሰው ስቄአለሁ፤ ግማሹን ደግሞ እዚህ ዓምድ ላይ ጽፌዋለሁ። ባሕርን የሚያዝዙትን ሁሉ አሰልፈው አንዱን ምረጪ ቢሉኝ ግን፣ ጨረቃንም ጭምር አሰልፈው፣ ይኸው ነው ምርጫዬ።

ፊንታን ወደኔ ዞረ። ጥርሱ ይንገጫገጫል፤ ፊቱ ላይ ያለውን ደስታ የት ላድርገው።

"ሰማሽ?" አለኝ። "'የሚቀጥለው ዓመት' አለች እኮ።"

"ሰምቻለሁ፣" አልኩት። ቀበቶውን ግን አልለቀቅኩም።